አራተኛው እግር

«እርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ ድገሚበት። ሌላ ሥራ የለብሽም።»

ሊቀመንበሩ የነጥብ መስጫ ቅጹን በብሎን እጅ ላይ አስቀመጠው። ተሞልቶ ነው የመጣው። ለእሱ ሃምሳ፣ ለእሺ ሃምሳ፣ ለጥላ ዜሮ።

«ቅጹ የኔ አይደል እንዴ?» አለች ብሎን።

«ያንቺ ነው። ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ ያላገዝከኝ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካህ?»

እሺ ሳቀች። ከዚያ ሊቀመንበሩን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

እናት አባት ያወጣላቸው ስም ሌላ ነው። ግቢው ግን የራሱን ስም ያወጣል። ብሎን አጭር ናት፣ ደረቅ ናት፣ አንዴ ከገባች አትወጣም። እሺ «ጉድጓድ ግቢ» ቢሏት እንኳ እሺ የምትል ልጅ ናት። ሊቀመንበሩ ወንበር እንዲሠራ በተቋቋመ ቡድን ላይ ራሱን ሊቀመንበር አድርጎ ሾመ፤ ወንበሩን ግን በጣቱም አልነካው። አራተኛው ጥላ ነው። ስብሰባ ላይ ስለማይታይ ነው ጥላ የተባለው።

አራቱም የዲዛይን ተማሪዎች ናቸው። መምህሯ «ለአንድ እውነተኛ ሰው የሚሆን ዕቃ ሠርታችሁ አምጡ» አለቻቸው። እውነተኛ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ የግቢውን በር ጠባቂ ያዙ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሲቀመጡ ደግሞ አለቃቸው ይቆጣል። ስለዚህ ተቀምጠውም የቆሙ የሚመስሉበት ወንበር ተሠራላቸው።

የውጤቱ ግማሽ ከወንበሩ ነው የሚመጣው። ሌላው ግማሽ ከቡድኑ ነው። እያንዳንዱ መቶ ነጥብ ይሰጠውና ለሦስቱ ጓደኞቹ ያካፍላል፣ ለራሱ መስጠት የለም። በአማካይ ከሠላሳ በታች ያገኘ ኮርሱን ይደግማል። ሊቀመንበሩ ይሄን በደንብ አስልቶታል፤ ጥላ ዜሮ ከገባለት መቶው የሚካፈለው ለሁለት ነው።

«ውል አለ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ደብተሩን መታ መታ እያደረገ። «ሦስት ስብሰባ የቀረ ዜሮ። ልጁ ስድስት ቀርቷል። አንቺም ፈርመሻል።»

እውነቱን ነው፣ ፈርማለች። ሳምቡሳ እየበላች፣ ሳታነብ፣ ውሉ ላይ የዘይት ጣቷን አትማ ነው የፈረመችው።

«ስብሰባውን ቅዳሜ ጠዋት ያደረግኸው አንተ ነህ። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤት እንደሚሠራ እያወቅህ።»

«ዲዛይነር መሆን ነው ወይስ ዳቦ ጋጋሪ የሚፈልገው? ይምረጥ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ብሎን። አንቺ ደጋሚ ነሽ። ሁለተኛ ከወደቅሽ ትሸኛለሽ። የኔም ቅጽ ገና በእርሳስ ነው ያለው። ላንቺ ሃምሳ ብያለሁ። ላጲስ ደግሞ አለኝ።»

«ላጲስህን ብላው» አለችና ወንበሩን ልታመጣ ወደ ወርክሾፕ ሄደች።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ መንገዱን ሁሉ ወንድሟን እያሰበች ነው። አምና የወደቀች ቀን ጋራዥ የሚሠራው ወንድሟ አልተቆጣትም። ዘይት የነካውን እጁን እየጠረገ «ብሎን ቁልፍ አይፈራም፤ የሚፈራው ዝገት ነው፤ በይ ሂጂና ድገሚ» ብሎ ክፍያዋን ከፈለ። ሁለተኛ ወድቃ ብትሄድ ምን እንደሚላት አታውቅም። ዝም ቢላትስ? እሱ ነው የሚያስፈራው።

የወርክሾፑን ዕቃ የምታስረክበው እትዬ መስኮቷ ላይ ተደግፋ ሱፍ ትፈለፍላለች። እሷ ጋ ሳይፈርም አንዲት ፒንሳ የሚወስድ የለም። ዲኑም ቢመጣ ይፈርማል።

«አንቺ እሳት፣ ዛሬ አይደል እንዴ የምታቀርቡት? ደግሞ ምን ልትሰርቂኝ መጣሽ?»

«ብርጭቆ ወረቀት ስጪኝ እትዬ። የመቀመጫው ጠርዝ የአባባን ሱሪ ይይዛል፣ ላለስልሰው።»

«ፈርሚ።»

ብሎን ልትፈርም መዝገቡ ላይ ስታጎነብስ ገጹን አየችው። ጥላ፣ መበየጃ። ጥላ፣ ግራይንደር። ጥላ፣ ድሪል። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ደግሞ ማክሰኞ። ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ቦታ ፈርሟል። የሊቀመንበሩን ስም ፈለገች። አንድ ቦታ አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው? ሜትር ወስዶ በአሥራ አምስት ደቂቃ መልሷል።»

«ይሄማ ፎቶ ሊነሳበት ነው» አለች እትዬ፣ የሱፉን ልጣጭ እፍ እያለች። «አንገቱ ላይ ጣል አርጎት ተነሳ። አምሮበት ነበር ባይሆን።»

ብሎን ልትስቅ ስትል አንዷ መስመር ላይ ዓይኗ ቀረ። ሐሙስ፣ ጥላ፣ መበየጃ።

ያን ሐሙስ ጠዋት አንዱን እግር የቆረጠችው እሷ ናት። ማጠፊያው የሚወስደውን ሳትቆጥር ለካች። በአራት ጣት አጠረባት፤ የቀረ ቱቦላሬ ብረት ደግሞ የለም። ወንበሩ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ጋደለ። ከሰዓት ጥላ መጣ። ከቁርጥራጩ ክምር አንድ ፈልጎ ቀጠለበት፣ በየደው፣ ሞረደው። ከዚያ ሁሉም ላይ ጥቁር ቀለም ተቀባ። መምህሯ የተቀጠለ እግር ካየች የወንበሩን ነጥብ ግማሽ ትቆርጣለች፤ ይሄን የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለዚህ አራቱም ነገሩን ዋጥ አደረጉት።

ብሎን ጠርዙን ፋቅ ፋቅ አድርጋ፣ ብርጭቆ ወረቀቷን ኪሷ ከታ፣ ወንበሩን ተሸክማ አዳራሽ ገባች።

ተራቸው ሲደርስ ሽማግሌው ጠባቂ ተቀመጡበት። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ዙሪያውን አዩ።

«ምቹ ነው አባባ?» አለች መምህሯ።

«ምቹስ ምቹ ነው። ክፋቱ እንቅልፍ ያመጣል።»

አዳራሹ ሳቀ። መምህሯም ፈገግ አለችና ቅጾቹን ልትሰበስብ ወደ እነሱ መጣች። የብሎን ቅጽ እንደነበረው በእርሳስ ነው።

«ላጲስህ አለ?» አለችው ብሎን ሊቀመንበሩን።

የምታስተካክለው ቁጥር ያለ መስሎት በደስታ ሰጣት። ብሎን ሁሉንም አጠፋች። በእስክሪብቶ ጻፈች። ለጥላ ዘጠና፤ ለሦስት ሲካፈል ሠላሳ ይሞላል። ለእሺ አሥር፣ ሪፖርቱን የተየበችው እሷ ናትና። ለሊቀመንበሩ ዜሮ። ለመምህሯ ሰጠች፤ ላጲሱን ኪሷ ከተተች።

ሊቀመንበሩ ቁጥሩን በመምህሯ ትከሻ በኩል አየው። «ላጲሴን» አለ በጥርሱ መሀል።

«ቆይ እመልስልሃለሁ።»

«ቅጽህን» አለች መምህሯ፣ እጇን ዘርግታ። ምን ያድርግ? ሃምሳውን እንዳለ አስረከበ።

መምህሯ አገላበጠችና መነጽሯን አወለቀች። «ሕጉን ታውቃላችሁ። እኔ ጋ ዜሮ የሰጠ ሰው ቆሞ፣ ፊት ለፊት ይናገራል።»

ሊቀመንበሩ ይሄንንም አስልቶት ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ጥላ አይመጣም። ልክ ደብተሩን ይዞ ሲቆም ግን በሩ ተከፈተና ጥላ እያለከለከ ገባ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገለጠ። «እ... በውላችን መሠረት፣ ስድስት ስብሰባ ቀርቷል።»

«ቀርቻለሁ» አለ ጥላ። ይኸው ነው መከላከያው። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፤ ልጁ አምኖበታል።

«እኔም ዜሮ ሰጥቼዋለሁ» አለች እሺ፣ መሬት መሬት እያየች። «ስጪ ሲሉኝ... እሺ ብዬ።»

ብሎን ተነሳች። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«እኔ ደግሞ ላንተ ነው የሰጠሁት። ስብሰባ አልቀረህም፣ አንድም ቀን። የስቶሩ መዝገብ ላይ ግን አንዴ ነው ያለኸው። ሜትር ወስደሃል፣ ፎቶ ተነስተህ መልሰሃል። ጥላ አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ሰው በወሬ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

ከኋላ አንዱ አፏጨ። መምህሯ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«መዝገቡን አየዋለሁ» አለች። «ግን ዕቃ መውሰድ ሥራ አይደለም። እሱም ወስዶ ፎቶ ተነስቶበት ይሆናል። ዘጠና ሰጥተሽዋል። እዚህ ወንበር ላይ የሱ ሥራ የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ።»

ብሎን ወንበሩን አየችው። አራት እግር፣ አንድ ዓይነት ጥቁር፣ አንድ ዓይነት ልስልስ። ልጁ አሳምሮ ስለሠራው ሥራው የለም።

«እግሩን አስቢ» አለ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። «ለራስሽ ብለሽ።»

«ተዪው» አለ ጥላም። «ለኔ ብለሽ አትውደቂ።»

ብሎን እጇን ኪሷ ከተተች። ላጲሱን ነካችው፤ ከሱ ሥር ብርጭቆ ወረቀቱን አገኘችው።

«አባባ፣ አንዴ ይነሱልኝ።»

«አሁን ገና ተመችቶኝ» እያሉ ተነሱ።

ወንበሩን ገልብጣ ጉልበቷ መሀል ያዘችው። አራተኛውን እግር ከማጠፊያው ዝቅ ብላ ታሸው ጀመር። ጥቁሩ ዱቄት ሱሪዋ ላይ ረገፈ።

«ኧረ ልጄ፣ ቀለሙ ሄደ እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«ይሂድ አባባ።»

ከቀለሙ ሥር ብረቱ ነጣ። ከዚያ እንደ ጠባሳ ዙሪያውን የሄደች ቀጭን የብየዳ መስመር ብቅ አለች። መምህሯ ጎንበስ አለች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ መስመሯን በጥፍሯ ዳሰሰቻት።

«ይቺ የሱ ናት» አለች ብሎን። «ከሷ በላይ ያለውን አሳጥሬ የቆረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ወረቀቷን በንጹሕ ፊቷ አጠፈችና ዙሪያው በሙሉ እስኪታይ ማሸቷን ቀጠለች።