ከመቶ አርባ ሁለቱ የቀረው

መሠረት ፋይሉን ዘግታ ደግማ ከፈተችው። አንድ ስም ብቻ አለ። ጠዋት መቶ አርባ አንድ ነበሩ፤ በጦርነቱ የሞቱ ሰዎች የክርስትና ስም። ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ቤት ለቤት ዞራ የለቀመቻቸው ናቸው።

«ነጅሚያ፣ እስቲ አንዴ ነይልኝ።»

የኮምፒውተር መምህሯ ነጅሚያ የምታርመውን ፈተና ትታ መጣች። ለጂኦግራፊ መምህሯ ለመሠረት ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ያስጀመረቻት እሷ ናት። ጎንበስ ብላ ኮዱን አነበበች።

«ስም ልትጨምሪ ነበር?»

«አንድ፤ ከእብናት በስልክ የነገሩኝን።»

«ፋይሉን በ‹ደብልዩ› ትእዛዝ ከፍተሽዋል። እሱ የነበረውን ጠርጎ ነው መጻፍ የሚጀምር። ለመጨመር ‹ኤ› ነበር።»

«ስሕተት እንኳ አላለኝም።»

«ምን ብሎ ይበልሽ? ያዘዝሽውን ሠራ። እኔም የመመረቂያ ሥራዬን ጠርጌበታለሁ፤ እንዲህ ያልደረሰበት ጀማሪ የለም። ግልባጭ አለሽ አይደል?»

«የለኝም።»

«የጻፍሽበት ወረቀትስ?»

«አቃጠልሁት። የክርስትና ስም በሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ። እናቶቹ ማንም እንዳያየው አስምለውኛል።»

ነጅሚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሑድ አይደል ፍትሐቱ?»

«እሑድ ነው። ቄስ ሙላቴ ሟቾቹን በዓለም ስማቸው አይጠሯቸውም።»

«እንግዲያው እንደገና መዞር ነው።»

«እማሆይ ብዙነሽ ሰኞ ተቀበሩ» አለች መሠረት። «የልጃቸውን የክርስትና ስም ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በጆሮዬ ነው የነገሩኝ። ጻፍሁና ረሳሁት።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«የደሳለኝም አብሮ ጠፋ?» አለች ነጅሚያ ቀስ ብላ።

ደሳለኝ የመሠረት ባል ነው። በጦርነቱ ሞተ ተባለ እንጂ ሬሳው አልመጣም።

«የእሱን አልጻፍሁትም ነበር።»

መሠረት ‹ደብልዩ›ን አጥፍታ ‹ኤ› ጻፈች። መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እጇ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ነጅሚያ አየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ የምትጽፈውን ላለማየት።

ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲመቱ ተሰማ።

«ፋይሉን ክፈችና እዪው» አለች ነጅሚያ ሳትዞር። «ስንት ሆነ?»

«ሁለት።»

መሠረት ፋይሉን በፍላሽ ገለበጠችና ፍላሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከመሳቢያው አዲስ ደብተር አውጥታ ጃንጥላዋን አነሣች። መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እማሆይ ብዙነሽ ጎረቤቶች ነው፤ የልጃቸውን የክርስትና ስም ምናልባት የሰማ ካለ።