በስሟ የመጣው ቪዛ

የሻሽወርቅ ከደሴ አሰብ ስትወርድ ዓሣ ማጠብ እንኳ አታውቅም ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግን ወደቡ አጠገብ ያለው ትልቅ ሆቴል ዋና አብሳይ ሆነች። የነዳጅ ማጣሪያው መሐንዲሶች፣ የመርከብ ካፒቴኖች፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡ ሹማምንት ሁሉ ከእሷ እጅ ይበሉ ነበር።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ሳሊም የሚባል የመናዊ ከባሕር ማዶ መጣ። በመጋቢት በአንድ የዓረብ አገር ትልቅ የእግር ኳስ ዋንጫ ይደረጋል፤ እንግዳው ብዙ ስለሆነ ሆቴሎቹ አብሳይና አስተናጋጅ ከውጭ ይፈልጋሉ። ሳሊም ሦስት ቀን ሙሉ ሆቴሉ ውስጥ እየበላ ሠራተኛውን ሲያይ ሰነበተና ስድስት ሰው መረጠ። መጀመሪያ ያስጠራው የሻሽወርቅን ነው።

«እህቴ፣ ቪዛው ለዋንጫው ጊዜ ብቻ ነው» አላት። «በእያንዳንዳችሁ ስም ነው የሚመጣው። የአንዱ ለሌላው አይሠራም።»

ቪዛው በአምስት ሳምንት ደረሰ። የቀራት ከገዛ አገሯ መውጫ ፈቃድ ነበር።

ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ ኃላፊ ጓድ ጫኔ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አላት፤ አመጣች። የሠራተኛ ማኅበር ድጋፍ አምጪ አላት፤ እሱንም አመጣች። ሳትመለስ ብትቀር የሚታሰርላት ዋስ አምጪ ሲላት ጎረቤቷ ውብሸት፣ የማጣሪያው ኦፕሬተር፣ ከሥራ አስፈቅዶ ሄዶ ፈረመላት። ከዚያ «ነገ ነይ» ተጀመረ። ምሳ አቅርባ እንደጨረሰች ሽርጧን ፈትታ በዚያ ሐሩር እየሮጠች ትሄዳለች፤ ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። ነገ ነይ ትባላለች። ነገም ትመጣለች።

በመጋቢት መጀመሪያ የተጓዦቹ ስም በሩ ላይ ተለጠፈ። ስድስት ስም ነው። የእሷ የለም፤ ሳሊም ከመረጣቸው የአንዳቸውም የለም። አራተኛው ስም አልጋነሽ ይላል፤ የጫኔ ሚስት እህት፣ ሽንኩርት ስትልጥ ማንም አይቷት የማያውቅ። የሻሽወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳታንኳኳ ገባች።

«ጓድ ጫኔ፣ ቪዛው የመጣው በስሜ ነው።»

«ቪዛው የመጣው ለስድስት ኢትዮጵያውያን ነው። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው መንግሥት ነው።»

«እዚያ ደርሶ ወጥ የሚሠራውም መንግሥት ነው?»

ጫኔ ብዕሩን አስቀመጠ። «አፍሽን ሰብስቢ።»

«እሰበስባለሁ። መከልከሌን ግን ከነምክንያቱ ጽፈው ይስጡኝ።»

«የሚጻፈው ፈቃድ ነው» አላት። «ክልከላ አይጻፍም።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡና ጫኔ ሆቴሉ ውስጥ ምሳ ጋበዛቸው። በፎርኖ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ፤ የእሷን። ማበላሸት ትችል ነበር፤ እጇ ግን እምቢ አላት። እንደ ሁልጊዜው አሳምራ ሠራችው። ሳህኑን ግን ለአስተናጋጅ አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ ወጣች።

«ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች፣ የእንግዶቹ አለቃ ለሚመስለው ሽበታም ሰውዬ። «የውጭ ሰዎች ቀምሰው በስሜ ቪዛ ላኩልኝ። ጓድ ጫኔ ስሜን ሰርዘው የሚስታቸውን እህት አስገቡ። የአምስት ጓደኞቼም ስም እንዲሁ ተሰርዟል።»

ሽበታሙ ሰውዬ ከዓሣው ቆርሶ ቀመሰና፣ ቀና ሳይል፣ «ሙያሽ ጥሩ ነው» አላት።

መብላቱንም ቀጠለ።

የሻሽወርቅ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳች። ማንም ሳያስቆማት በጓሮ በር ወጥታ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለነበሩት የከባድ መኪና ሾፌሮች አቀረበችላቸው። «ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለቻቸው። ጨርሰው ሳይበሉ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ወሰዷት።

ቀበሌው ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አሰሯት። በአሥረኛው ቀን ውብሸት ምግብ ሲያመጣላት ወሬ ይዞ መጣ። ጫኔ የላካቸው ስድስቱም ከዚያ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ተመልሰዋል። ቪዛው ላይ ያለው ስምና ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም አልገጠመማ።

«ደስ ይበልሽ እንጂ» አላት፣ ፊቷን አይቶ።

«ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? እኛም አልሄድን፣ እነሱም አልሠሩ። ሥራውን የሌላ አገር ሰው ወስዶታል። እሱስ ምን ሆነ፣ ጫኔ?»

«ቢሮው ተቀምጧል። ምን ይሆናል?»

ስትፈታ ወደ ሆቴሉ አልመለሷትም፤ የወደብ ጫኞች ካንቲን መደቧት። እዚያ ሩዝና ምስር በትልልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ሥራው የወገብ እንጂ የሙያ አይደለም። እሷ ግን ለጫኞቹም አሳምራ ሠራች። ወር ሳይሞላ የማጣሪያው ሰዎች ሳይቀሩ እየተደበቁ መምጣት ጀመሩ።

አንድ ቀን ውብሸት ምሳውን ጨርሶ ሳህኑን ሲመልስ ቀረብ ብሎ፣ «አሁንስ ንዴትሽ አልበረደም?» አላት።

«አልበረደም።»

«ጤናሽን ይጎዳል፣ የሻሽ። ተይው።»

«እነሱ መቼ ተዉኝ?» አለችና ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ከተተች። «እኔ ከተውኩት ልክ ነበሩ ማለቴ ነው።»

ሰልፉ እስከ ውጭ ደርሶ ነበር። «ቀጣይ» አለች።