ካርዱን ማን ነቀለው?

«ካርዱ እንደገና ጠፋ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ባልደረባዋ ቀና አላለም። ከተፎካካሪ ድርጅት ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ነገር ስለማያበዛ «ጭምቱ» ይሉታል። እሷን ግን ዝምተኛ ሰው አይጥማትም። እናቷ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገቻት።

ሥራዋ አንድ ኮምፒውተር በሆዱ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ እንዲይዝ የሚያደርግ ሶፍትዌር መጠገን ነው። እንዲህ ያለው ማሽን እየሠራ ሳለ ከኔትወርክ የሚያገናኘው ካርድ በትእዛዝ ይሰካለታል፣ ይነቀልለታል። ሰሞኑን ግን የሰካችው ካርድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ድንገት ይነቀላል። ደንበኛው እስከ ዛሬ ዓርብ ማታ ካልተስተካከለ ውሉን እንደሚያፈርስ አስታውቋል።

ጠዋት ለኃላፊያቸው «የሰው እጅ አለበት፤ የማን እንደሆነ አንተው ገምት» ብላው ነበር።

ኃላፊው ያኔ ባዶ ወደነበረው የጭምቱ ወንበር ገልመጥ አለ። «የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያልቃል። ይቆይ ወይ ይሂድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወስናለሁ።»

ከምሳ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ማሽኑ የመዘገበውን መስመር በመስመር ታነብ ጀመር። «ካርዱን ንቀል» የሚለውን ትእዛዝ አገኘችው። የላከው የእሷው የሙከራ ፕሮግራም ነው። «የይለፍ ቃሌን ሰርቆ ይሆናል» አለች በልቧ። ትእዛዙ የተላከበትን ሰዓት ስታይ ግን ያኔ ራሷ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች።

«እስቲ ና፣ ይህን እይልኝ» አለችው ጭምቱን።

መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። «ትእዛዙ ሲላክ ማሽኑ ገና ተነስቶ አላበቃም ነበር። መልስ ሲጠፋ ፕሮግራምሽ ትእዛዙ የቀረ መስሎት አለፈ። ማሽኑ ሲነቃ ግን ትእዛዙን አገኘውና ካርዱን ነቀለ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ማክሰኞ ገባኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ! ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«በአጠገብሽ ባለፍኩ ቁጥር ስክሪንሽን ታዞሪ ነበር። ብናገር ደግሞ ‹ከየት አወቅህ?› ትይኝ ነበር።»

እንደምትለው ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም፤ ባልደረባው ስትንገበገብ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው ምን ይባላል? ካርዱን የነቀለው ግን እሱ አይደለም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ለኃላፊው «ስሕተቱ ተገኝቷል» ብላ ጻፈች። በዚህ ብቻ ቢያልፍላት በወደደች። ሰረዘችውና ተነሳች።

«ና፣ አብረን እንግባ» አለችው።

«ምን ልንል?»

«ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ስላንተ ጠዋት ለኃላፊው ያልኩት ስሕተት ነው፤ አሁን አንተ ባለህበት ላንሳው።»