ራሱን ብቻ የሚሰማ ተራ አስከባሪ

ስክሪኑ ላይ አንድም ጥሪ የለም። ሊዑል እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ ወንበሩን እያወዛወዘ፣ «ዛሬ አውሮራ ከተማ በሙሉ ድኗል መሰለኝ፤ በቃ ሾፌሮቹን እናሰናብታቸው» አለ።

መቅደላዊት አልሳቀችም። የኩላሊት በሽተኞችን ለእጥበት የሚያመላልሱትን መኪኖች የምታሰማራው እሷ ናት። ሾፌሮቹ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ወሬ ይዘዋል።

«ሰኞ ጠዋት እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። አንተ፣ ምን ነካክተህ ነው?»

«ምንም! ሎድ ባላንሰሩን ነው ያስተካከልኩት። ምልክቱ አረንጓዴ ነው እኮ፣ እይው!»

ሎድ ባላንሰር ማለት በሊዑል ቋንቋ ተራ አስከባሪ ነው። በር ላይ ቆሞ ከበሽተኞቹ ስልክ በአፑ የሚመጣውን የመኪና ጥሪ ይሰማል፣ ለሁለቱ ሰርቨሮች ያከፋፍላል። በየትኛው ፖርት ማለትም በር፣ ከየት የሚመጣውን እንደሚሰማ ዛሬ ጠዋት እንደ አዲስ የጻፈለት ሊዑል ነው። እዚያው ማሽኑ ላይ ሆኖ ጠራው፤ ወዲያው መለሰለት። ከዚህ በላይ ምን ይፈትናል!

የቢሮው ስልክ ጮኸ። መቅደላዊት ስፒከር አደረገችው።

«ልጄ፣ ብርቅነሽ ነኝ፣ ከቶርንተን።» ድምፃቸው ደክሟል። «ያቺን አፕ ከነጋ ብነካት ብነካት እምቢ አለችኝ። ካለፈውም እጥበት በበረዶው ቀርቻለሁ። ደረቴን... አፈነኝ።»

ሊዑል እግሩን አወረደ። አፑን በራሱ ስልክ ሞከረው። አይከፈትም። ጠዋት የጻፈውን ፋይል ገልጦ አንዷን መስመር ሲያይ ክው አለ። ሎካልሆስት። ለሙከራ ብሎ የጻፋትን ሳይቀይር ረስቷታል። ተራ አስከባሪው ጠዋቱን ሙሉ የሚሰማው የገዛ ማሽኑን ብቻ ነበር፤ ውጭ ለሚጣራው ሰው ሁሉ ደንቆሮ።

«ምንድን ነው?» አለችው መቅደላዊት።

«ለራሱ ብቻ ነው የከፈትኩት» አለ።

መስመሯን አስተካከለው፣ ሪስታርት አደረገው። ሲሞክሩ የነበሩት ስልኮች ሁሉ ባንዴ ገቡ። ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ። ከሊትልተን፣ ከካፒቶል ሂል፣ ስክሪኑ ሞልቶ ፈሰሰ።

«እማማ፣ መኪና እየመጣልዎት ነው» አለች መቅደላዊት። «እማማ? እማማ ብርቅነሽ?»

ወደ ሊዑል ዞረች።

«አጥፋው ያን ቲንግ ቲንግ!»

አጠፋው። እሷ በሌላ ስልክ አምቡላንስ እየጠራች አድራሻውን ስትናገር፣ ሊዑል ተደፍቶ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። መስመሩ አልተዘጋም። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲር፣ ሲር ይላል። ትንፋሽ ይሁን የቤት ማሞቂያ አልለየውም።

«እማማ፣ እየሰማሁዎት ነው» አለ። «የሆነ ነገር ይበሉኝ። ይስደቡኝ።»