አባቴን ማን ይቀስቅሰው?

አባቴ ዛካሪያስ ጀልባውን ለማን እንደሚያወርስ ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል። ወንድ ልጅ የለውም። ያለው አንድ አማች ነው፤ እሱም ባለቤቴ ፌኒያስ፣ ከውስጥ አገር፣ ኦቾሎኒ ከሚዘራ ቤተሰብ የመጣ ሰው። ሌላው ፈላጊ በባሕሩ ዳር አዲስ ሆቴል የከፈተው ሰውዬ ነው። ሰውዬው ጀልባዋን ባሕር ሊወጣባት የፈለጋት እንዳይመስላችሁ፤ በር ላይ አቁሞ፣ አፈር ሞልቶ፣ አበባ ሊተክልባት ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። አባቴ ግን ፌኒያስ እየሰማ፣ አበባ ቢያንስ ድንጋይ ላይ አያላትማትም አለ።

በመጨረሻ እናቴ ጭቅጭቁ ሰለቻትና መላ መታች። እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ ከባሕሩ መሃል ወዳለው አሸዋ ይውጣ፣ ፌኒያስ ካፒቴን ይሁን፤ ሳያዋርደን ወስዶ ከመለሰን ጀልባዋ የእሱ ናት፣ ካዋረደን የሆቴሉ። አባቴ ተስማማ። እዚህ ቪላንኩሎ፣ በባሕር ዳሯ ከተማችን፣ እሁድ ድስቱንና ልጆቹን ጭኖ አሸዋው ላይ የማይውል ቤተሰብ የለም። ባሕሩ ሲጎድል አሸዋው ከውሃው መሃል ብቅ ይላል፣ ሲሞላ ተመልሶ ይሰወራል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ ያዋረደን ሰው በከተማው ፊት ነው የሚያዋርደን።

ስንነሳ አባቴ መሪውን ለፌኒያስ ለቀቀና፣ ዛሬ እኔ ጭነት ነኝ፣ ጭነት ደግሞ ምክር አይጠየቅም ብሎ ከጀልባዋ ፊት በኩል ተጋደመ። ከመልሕቁ ገመድ ጫፉን ብቻ ትቶ የቀረውን ጠቅልሎ ትራስ አደረገው፤ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። ጠዋት በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝ እስኪጠግብ በልቶ ስለነበር ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ባለቤቴ በጣም ጥሩ አድርጎ ነዳት። ኮራሁበት። ሸራውን በጊዜው አወረደ፣ መልሕቁን ጣለ፣ እኛን እየደገፈ አወረደን፤ አባቴ ግን እንደተኛ ጀልባዋ ውስጥ ቀረ። ልጆቹ ሸርጣን ሊያባርሩ ሮጡ፣ እናቴ ከሰል አቀጣጠለች።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ባሕሩ ገና እየጎደለ ነው፤ ካፒቴን የሆነ ሰው ገመዱን እየለቀቀ ጀልባዋን ወደ ጥልቁ ማውረድ አለበት። ካላወረደ ውሃው ትቷት ይሄዳል፣ እሷም እስከ ማታ ደረቅ ላይ ትጎለታለች። የሚለቀቀው ገመድ ደግሞ የአባቴ ትራስ ነው።

በእኛ ዘንድ አማች የሚስቱን አባት ቀና ብሎ አያየውም። ተንበርክኮ፣ እጁን ቀስ አድርጎ እያጨበጨበ ነው የሚያነጋግረው። ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነውር ነው፤ ራሱን መንካትማ ጨርሶ አይታሰብም። የውስጥ አገር ሰዎች ደግሞ በዚህ ነገር ከእኛ ይብሳሉ።

እኔ ልቀሰቅሰው ብድግ ስል እናቴ ሽርጤን ይዛ ጎተተችኝ።

"ቁጭ በይ አንቺ፤ አባትሽን አታውቂውም? ሚስቱ የምታዛት ጀልባ ናት ብሎ ነገውኑ ለሆቴሉ ነው የሚሰጣት።"

እውነቷን ነው። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ፌኒያስ መጀመሪያ አሳለ። ቀጥሎ የድስት ክዳን እንደ ድንገት ጣለ። ከዚያ ልጆቹን ጠርቶ ጀልባዋ አጠገብ መዝሙር አዘመራቸው፤ አባቴ ወደ ሌላው ጎኑ ዞሮ ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ትልቋ ልጄ ኔልዛ ገመዱን በቢላ እንቁረጠው ስትል አባቷ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ የአማትን ገመድ መቁረጥ ከመቀስቀሱም ባሰበት።

በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ተንበረከከ። ውሃው እስከ ደረቱ ነው። እያጨበጨበ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባሕሩ ትንሽ እንደ መሄድ ብሏል" አለ። ደገመው። ውሃው ወደ ወገቡ ወረደ። ደገመው። ወደ ጭኑ ወረደ። በኋላ ይህ ሰው እርጥብ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ለአንድ ኮፍያ ያጨበጭብ ነበር። ጀልባቸውን በጥልቁ በኩል ያቆሙት ጎረቤቶቻችን አይተውት፣ "ፌኒያስ፣ ኦቾሎኒ ልትዘራ ነው እንዴ?" እያሉ በሳቅ ፈረሱ።

ጀልባዋ በጎኗ ጋደል ስትል አባቴ ተንከባሎ ነቃ። ዙሪያውን አየ። ባሕሩ ሩቅ ነው።

"ስንቴ ጠራኸኝ?" አለው።

"ብዙ ጊዜ፣ አባባ።"

"እንዴት አድርገህ?"

ፌኒያስ እያጨበጨበ አሳየው። አባቴ አየውና፣ አንድ ሽማግሌ መቀስቀስ የፈራ ሰው ባሕሩን ምን ሊያደርገው ነው፣ ሆቴሉ ይውሰዳት አለ። እናቴ የተኛኸው አንተ ነህ ብትለውም አልሰማም፤ አኩርፎ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ።

ወደ ማምሻው ባሕሩ ተመለሰ፤ ነፋስ ይዞ። ማዕበሉ የተጋደመችውን ጀልባ በጎኗ ይመታት ጀመር። ባትቃና ውሃ ሞልታ ተሰብራ ትቀራለች። ሁላችንም ተረባርበን ገፋን፤ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ በዚያ ሁሉ ክብደቱ ላይዋ ቆሞ፣ በግራ ግፉ፣ በቀኝ ግፉ እያለ ያዛል።

ፌኒያስ መግፋቱን ተወ። ዞሮ ከአባቴ ፊት ተንበረከከ። ውሃው አገጩ ላይ ደረሰ፣ ማዕበል ሲመጣ ፊቱን አልፎት ይሄዳል። ቀና ሳይል ውሃ ውሃውን እያየ እጁን ሦስቴ አጨበጨበና እስከዚያን ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ።

"አባባ፣ በታላቅ አክብሮት! ይውረዱና ይግፉ!"

እናቴ እንኳ ደነገጠች። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ለኔልዛ ሰጣትና ወረደ። ትከሻውን ከፌኒያስ ትከሻ አጠገብ ሰክቶ ገፋ። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ቀና አለች፣ ተንሳፈፈች።

ተሳፍረን ሸራው ነፋሱን ሲይዝ አባቴ እስከ አንገቱ ርሶ ቆሟል።

"ሌላስ ምን ላድርግ፣ ካፒቴን?" አለ።

ፌኒያስ መሪውን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። "ይቀመጡ፣ አባባ።"

አባቴ ተቀመጠ። እናቴ ሽርጧን እየጨመቀች፣ እንግዲህ ለሆቴሉ ሰውዬ ምን ልንለው ነው ብላ ጠየቀችው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አላት፤ "የጀልባዋን ባለቤት ጠይቂው።"