አልለዝብ ያለው ሕዋ

ልጅቱ የፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራዋ ሕዋን ኮምፒውተር ውስጥ ከጥቃቅን ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች እንደ መረብ መገጣጠም ነው። ስበት ማለት የሕዋ መጉበጥ ስለሆነ፣ መረቡ በትክክል ከተሠራ ስበት ራሱ ከውስጡ ይወጣል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋው የመምህሯ ነው፤ እሱን ሲያሳድዱ ነው የሸበቱት።

መረቡ ግን አልገራ አለ። ፕሮግራሙ ውስጥ መረቡን የምትቆጣጠረዋን አንዷን ቁጥር ዝቅ ስታደርጋት እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይኮማተራል፤ ከፍ ስታደርጋት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይበታተናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ቢገኝ፣ እዚያ እውነተኛውን ሕዋ የሚመስል ነገር ይኖር ነበር። ሦስት ዓመት ፈለገችው። መረቡ ቀስ ማለት አያውቅም፤ ድንገት ዘሎ ይገለበጣል።

«መረብሽ ትንሽ ሆኖ ነው፤ አሳድጊው» ይሏታል መምህሯ።

ታሳድገዋለች። አንዱ ሙከራ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ዝላዩ ይብስበታል።

«አሁንም አሳድጊው።» እንዲህ እየተባለች አምስት ጊዜ አሳደገችው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ታላቅ እህቷ ደወለችላት። «እሺ እቱ፣ ጨረስሽ?»

«ምኑን ልጨርሰው! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኛል።»

«አምስቴ እምቢ ያለሽ ነገር ስድስተኛው ላይ ምን እንዲልሽ ነው የምትጠብቂው? ንገሪያቸዋ!»

ስልኩን ዘግታ የአምስቱንም ሙከራ ውጤት በግራፍ አንድ ወረቀት ላይ አተመች። መረቡ ባደገ ቁጥር ዝላዩ ሰላ እንጂ አልለዘበም። ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው እንዳይባል፣ ፕሮግራሙን ከዜሮ ጽፋ ሞክራዋለች፤ ያው ነው። ወረቀቱን ይዛ መምህሯ ቢሮ ገባች።

መምህሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «ትንሽ ብናሳድገው...»

«አይለዝብም! መንገዱ ዝግ ነው! ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። እሷም በራሷ ደነገጠች።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ» አሉ መምህሯ።

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

እርሳስ አንስተው የግራፉን ጠርዝ ነካ ነካ አደረጉ። «እዚህ ጋ ቁጥሩ የምን እንደሆነ አልጻፍሽም። አስተካክለሽ አምጪው። ዝግ ከሆነ ዝግ ነው እንበል፤ ሌላ ሰው ለምን በከንቱ ይልፋ።»

ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ግን በንዴት አለቀሰች፤ የሦስት ዓመት ልፋቷ «እዚህ የለም» ከማለት በቀር ምንም አላስገኘላትም።

መንገዱ ዝግ መሆኑን የሚያስረዳው ጽሑፋቸው በዓመቱ ታተመ። ስሟ ከመምህሯ ስም ቀድሞ ነበር፤ እንዲያ ይሁን ያሉት ራሳቸው ናቸው።