ካሜራው የለመደው ሰው

ታንክ ሲተኩስ በሙቀት ካሜራ እቀርጻለሁ። ከአፈሙዙ የሚወጣው ብልጭታ ዕድሜው ከጥቅሻ አይበልጥም፤ በእኔ ካሜራ ግን ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አራት መቶ ተኩስ ቀርጬ አንድ መሣሪያ አስተማርኩበት። መሣሪያው ተሽከርካሪ ላይ ይገጠምና ብልጭታውን ሲያይ የሚመጣውን ጥይት አየር ላይ ይመታል። መምታት አለበት ማለቴ ነው።

በተኩስ ሜዳችን ጋሼ ባንዲራ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ። ከታንኩ ጎን ቆመው ቀይ ባንዲራ ካላነሱ አይተኮስም፤ እሳቸው ባሉበት ይህን አለቃም አይሽረውም። አንድ ሰኞ ጥርስ ሊነቀሉ ሄዱና በምትካቸው ጡሩንባ ተነፋ። ታንኩ ተኮሰ። ራቅ ብሎ የቆመው መሣሪያ ጭጭ አለ።

"አየሩ ነው" አሉ አለቃችን። በእሳቸው ቤት ጥፋት ሁሉ የአየር ነው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ከምስሎቹ ላይ ታንኩን በጥቁር ሸፍኜ ለመሣሪያው አሳየሁት። ጥይት መጣ ብሎ ጮኸ። ታንኩን መልሼ ጋሼን ሸፈንኩ። ዝም። ለካ በአራት መቶውም ምስል ጥግ ላይ ጋሼ እጃቸውን አንስተው ቆመዋል፤ መሣሪያው የለመደው መድፉን ሳይሆን እሳቸውን ነው። የካሜራውን እይታ መድፉ ላይ ብቻ ያላጠበብኩት እኔ ነኝ፤ አየሩ የለበትም።

ይህን ለአለቃችን የነገርኳቸው ሐሙስ ነው። አርብ እንግዶች ይመጣሉ፤ ፈንጂ የሌለው ጥይት ወደ ተሽከርካሪው ይተኮሳል፤ መሣሪያው እንደሚታመን ለማሳየትም ተሽከርካሪው ውስጥ ሰው ይቀመጣል። ፈንጂ ባይኖረውም ብረት ብረት ነው። የሚቀመጠው ሹፌር ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው።

"ጋሼ ተመልሰው የለ? እጃቸውን ያንሱ፣ መሣሪያውም ይሠራል" አሉኝ።

"ተኩሱ እኮ ባንዲራው ከተነሳ ከሦስት ሴኮንድ በኋላ ነው። መሣሪያው ቀድሞ ባዶ አየር ላይ ተኩሶ ጥይቱን ይጨርሳል!"

"አታሟርቺ" አሉና ሻይ አዘዙ።

ወንድሜንም ለመንኩት። "እታለም፣ ሁለት ወር ተለማምጄ አሁን ፈራሁ ልበል?" አለኝ፣ ጫማውን እየወለወለ።

የቀሩኝ ጋሼ ነበሩ። ጉንጫቸው እንዳበጠ ሰሙኝ።

"እኔን ብቻ ነው የሚያውቀው?"

"እርስዎን ብቻ።"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆሜ..." አሉና ቀሪውን ዋጡት። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

አርብ እንግዶቹ ተደረደሩ። ወንድሜ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አለቃችን በሬዲዮ "ያንሱ!" አሉ። ጋሼ ባንዲራውን አጥፈው መሬት ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት።

"ያንሱ እንጂ!"

"አላነሳም" አሉ። "ውስጥ ሰው አለ።"

ሦስት ጊዜ ታዘዙ፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሱ። እንግዶቹ ወደ ምሳ ተመሩ። ለጋሼ "እጅ ባለማንሳት" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ወንድሜ አዋረድሽኝ ብሎ አኮረፈኝ። አኩርፎ ከፊቴ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

በቀጣዩ ሰኞ ቀረጻውን ከአንድ ጀመርን። የካሜራውን እይታ መድፉ ላይ ሳጠብብ ጋሼ ጠጋ አሉ።

"አሁን እኔ አልታይም?"

"አይታዩም፣ ጋሼ።"

"እስቲ ልየው።"

ቦታ ለቀቅኩላቸው። አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ። መድፉ ብቻ ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉና ባንዲራቸውን ሊያነሱ ሄዱ።